ቅዱስ ሙሴ ጸሊም፡ በድካም ውስጥ የተገለጠ ጸጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን መታሰቢያ ታደርጋለች። ይህ አባት በወጣትነቱ ሌባና የሽፍቶች አለቃ ነበረ፤ በሽምግልናው ካህን፣ የ70 መነኮሳት አባት፣ በመጨረሻም ሰማዕት ሆነ። ይህን መነሻና ፍጻሜ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ በዐውደ ምሕረትም ደጋግመን ሰምተነዋል። በመካከል ያለውን ረጅም ዘመን ግን አዘውትረን አንናገረውም። አባ ሙሴ ከተጠመቀና ከመነኰሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከገዛ ሥጋው ጋር ታግሏል፤ ደክሟል፤ ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሶ ገዳሙን ሊለቅ ተነሥቷል።

በዚህ ጽሑፍ በተለይ ያንን መካከለኛ ዘመን እንመለከታለን፤ ከእኛ የሚበዙቱ የሚኖሩት በዚያ ውስጥ ነውና። ንስሐ ገብተን ተመልሰን ወድቀናል። የተናዘዝነውን ኃጢአት መልሰን ሠርተን ወደ ንስሐ አባታችን ፊት መቅረብ አፍረናል። ስንጾም ከርመን በፋሲካ ማግሥት ወደ ቀድሞው ልማዳችን ተመልሰናል። በዚህም ምክንያት ጸጋ ለፍጹማን ብቻ የተሰጠ፣ እኛ ግን ከደጅ የቀረን ይመስለናል። የቅዱስ ሙሴ ሕይወት ለዚህ ሐሳብ የማያዳግም መልስ ይሰጣል።

ሰይፍ የታጠቀው እንግዳ

ቅዱስ ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምድረ ግብፅ ነው። ጥንታውያን ጸሐፍት በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ በመልኩም ጥቁር እንደ ነበረ መዝግበዋል፤ ጸሊም የሚለው የግእዝ ቃልም ጥቁር ማለት ነው። የዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፍት ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ያጠቃልሉ ነበር። እኛም ስሙን ስንጠራ የሩቅ ባዕድን ሳይሆን የወገናችንን ስም እንደምንጠራ ሆኖ ይሰማናል።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ መነኮሳትን ዜና የጻፈው ጳላድዮስ የሙሴን ክፉ ሥራ አልሸፈነም። ሙሴ የአንድ ባለ ሥልጣን አገልጋይ ሆኖ ሳለ በአመፁና በሌብነቱ ብዛት ጌታው አባረረው። ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በአንድ ወቅት አንድ እረኛ ውሾቹን ይዞ መንገዱን ስላሰናከለበት ሊገድለው ተነሣ። ዓባይ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ በዋና ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተሸሽጎ ቢያመልጠውም፣ ሙሴ 4 የተመረጡ አውራ በጎች አርዶ በገመድ አስሮ ወንዙን ተመልሶ ዋኘ። የሥጋውን ምርጥ በላ፤ ቆዳውንም ሸጦ በወይን ጠጅ ጠጣበት። ጳላድዮስ ይህን ሁሉ የጻፈው ለነውር አይደለም፤ ከየት እንደ ተጠራ አንባቢው እንዲያስተውል ነው።

በመጽሐፈ ስንክሳር ትውፊት መሠረት ሙሴ በዚያ ዘመን ፀሐይን ያመልክ ነበር። ሆኖም ልቡ አላረፈም። ወደ ፀሐይ ቀና እያለ እውነተኛው አምላክ ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የአስቄጥስ ገዳም መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁት ሰማና ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ ገዳሙ ሄደ። መጀመሪያ ያገኘው አባ ኤስድሮስን ነበር። አረጋዊው የሰውየውን ግዝፈትና ሰይፉን አይቶ ቢደነግጥም አላባረረውም። ሙሴ የመጣው አምላክን እንዲያሳውቁት እንደሆነ ሲነግረው ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው። አባ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው፤ በኋላም የምንኩስናን ልብስ አለበሰው።

ሙሴ በጉባኤው መካከል ኃጢአቱን ሲናዘዝ አባ መቃርስ አንድ ራእይ እንዳየ ይነገራል። መልአክ በጥቁር ጽሕፈት የተሞላ ሰሌዳ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአኩ ጽሕፈቱን ይደመስስ ነበር። ኑዛዜው ሲፈጸም ሰሌዳው ፈጽሞ ነጽቶ ታየ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን፤ ሽፍታው መነኰሰ፣ ሰሌዳው ነጣ እንላለን። ለሙሴ ግን ታላቁ ተጋድሎ ገና መጀመሩ ነበር።

ኃጢአቱ ተሰረየ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀም

ምሥጢረ ጥምቀትና ምሥጢረ ንስሐ ኃጢአትን ያስተሠርያሉ። ለዓመታት በሥጋ የተተከለ ልማድ ግን ተነቅሎ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ተጋድሎን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። በሙሴ ላይ የሆነውም ይህ ነው። በበዓቱ ሳለ የቀድሞው የዝሙት ሐሳብ እንደ እሳት ተነሣበት፤ ቀን በሐሳብ፣ ሌሊት በሕልም አስጨነቀው። ፈተናው እጅግ ስለ በረታበት ምንኩስናውን ሊተው እስኪያስብ ድረስ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ሙሴ ያደረገው ነገር ሁሉንም ወሰነ፤ ፈተናውን ሳይደብቅ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ገለጠለት። አባ ኤስድሮስም አልተቆጣውም፤ አልተጸየፈውምም። ይህ የጀማሪ ፈተና መሆኑን ነግሮ አጽናናው። በሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት የለመደ ውሻ ወዲያው እንደማይርቅ፣ ደጁ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን ርቦት እንደሚሄድ በምሳሌ አስረዳው። ሥጋም ለዘመናት የለመደውን ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ደጁን ዘግቶ መጽናት ግን ያሻል።

ሙሴም ደጁን ዘጋ። ጥቂት ደረቅ ኅብስት ብቻ እየበላ፣ እጅግ እየሠራ፣ በየቀኑ 50 ጸሎት እያደረሰ ተጋደለ። እሳቱ ግን አልጠፋም። ሌላ አባትን ቢጠይቅ በሌሊት እንዲተጋ መከረው። ስለዚህ 6 ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በበዓቱ መካከል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን ሲጸልይ ኖረ። አሁንም ሐሳቡን አላሸነፈውም።

ምእመናን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኛ አንድ ዐቢይ ጾም ጾመን፣ አንድ ሱባኤ ገብተን ፈተናው ካልራቀን ጸሎታችን እንዳልተሰማ እንቆጥራለን። ዛሬ በሥዕሉ ፊት ሻማ የሚበራለት አባት ግን 6 ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ጸልዮ በ6ኛውም ዓመት ፍጻሜ ያው ተፈታኝ ነበረ። ቅድስና ፈተና የሌለበት ሕይወት ቢሆን ኖሮ ሙሴ በእነዚህ ዓመታት ምንም እንዳልሠራ በተቈጠረ ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ግን እያንዳንዱ ሌሊት ተቈጥሯል።

ከፈተናው ጽናት የተነሣ በበዓቱ መቆየት ባቃተው ጊዜ አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነቱ እንዳወጣው የበረሃ አባቶች ዜና ይነግረናል። በምዕራብ በኩል አጋንንት ለጦርነት ሲታወኩ አሳየው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቍጥር የሌላቸው መላእክት በክብር ቆመው አሳየው። ለረድኤት የተላኩት ከጠላት ወገን እንደሚበዙ ነግሮ አበረታው። ይህም በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን ለሎሌው ዓይን የተገለጠውን ያስታውሰናል። ሙሴ ይህን አይቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ፈተናው አልቀረለትም፤ ብቻውን አለመሆኑን ግን አወቀ።

በጕድጓዱ አፍ የወደቀው ተጋዳይ

ከዚያ በኋላ ሙሴ ሌላ ተጋድሎ ያዘ። በአስቄጥስ ውኃ ሩቅ ነበር። አረጋውያኑ ደግሞ ከሩቅ ለመቅዳት አቅም አልነበራቸውም። ሙሴ በሌሊት እየተነሣ ወደ በዓታቸው እየሄደ እነርሱ ሳያውቁ እንስራቸውን ወስዶ ሞልቶ ይመልስላቸው ጀመር። የቀድሞ ጕልበቱን፣ በጥርሱ ሰይፍ ነክሶ ዓባይን የተሻገረበትን ያንኑ ኃይል፣ ለሽማግሌዎች ውኃ ተሸከመበት። እግዚአብሔር የሰጠውን ተፈጥሮ አላጠፋበትም፤ አቅጣጫውን አቀናለት እንጂ።

በአንድ ሌሊት ውኃ ሊቀዳ ጎንበስ ባለ ጊዜ ጠላት ዲያብሎስ ወገቡን በዱላ መታው። ሙሴ በጕድጓዱ አፍ ላይ እንደ ሞተ ሰው ወደቀ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ አንድ መነኩሴ አግኝቶት ለአባ ኤስድሮስ ነገረው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወሰዱት። ከዚህ ሕማም እስኪያገግም ድረስ አንድ ዓመት ፈጀ። ያ ብርቱ ሰው ሌላውን ማገልገል ቀርቶ ለራሱም የሰው እጅ የሚያይ ሆነ።

አባ ኤስድሮስ በዚህ ጊዜ የሰጠው ምክር የጽሑፋችን ማዕከል ነው። ከአጋንንት ጋር መፎካከሩን እንዲተው፣ ለተጋድሎም ልክ እንዳለው ነገረው። ሙሴ ግን የሚያስጨንቀው ምትሐት እስኪቀር ድረስ ተጋድሎውን እንደማይተው መለሰ። አረጋዊው ያን ጊዜ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ክፉው ሕልም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ተወገደለት አበሠረው፤ በእምነትም ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብ አዘዘው። ፈተናው ለምን ያን ያህል እንደ ቆየም ገለጠለት፤ በገዛ ተጋድሎው ያሸነፈ መስሎት በትዕቢት እንዳይወድቅ ነበር።

ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ አባ ኤስድሮስ ሲጠይቀው ዳግመኛ እንዳልተቸገረ ተናገረ። ከዚያም በአጋንንት ላይ ሥልጣን ተሰጠው።

ይህን ስንሰማ የ6ቱ ዓመት ትጋት ከንቱ ነበረ ማለት እንችላለንን? አንችልም። ቤተ ክርስቲያናችን የሰው ጥረትና የእግዚአብሔር ጸጋ አብረው እንደሚሠሩ ታስተምራለች። ገበሬ ያላረሰው እርሻ ዝናብ ቢዘንብበት አረም ያበቅላል፤ የታረሰው እርሻም ዝናብ ካልዘነበበት ይደርቃል። ሙሴ 6 ዓመት አረሰ፤ ዝናቡ ግን ከሰማይ መጣ። ያረሰው እርሱ ስለሆነ ዝናቡንም ያዘነበው ራሱ እንዳይመስለው እግዚአብሔር በደከመበት ሰዓት ጎበኘው። ጸጋው በጕልበቱ ወራት ሳይሆን ለሰው እጅ በተሰጠበት በሕማሙ ወራት መገለጡ ይህን ያስተምረናል።

ሌላም የምናስተውለው አለ። ፈውሱ የተነገረው ወደ ቅዱስ ቍርባን ከመጠራት ጋር ነው። በእኛ ዘመን ብዙዎች በተለይም ወጣቶች ፍጹም እስኪሆኑ ድረስ እየጠበቁ ለዓመታት ከሥጋ ወደሙ ርቀው ይኖራሉ። ያለ ንስሐ፣ ያለ ኑዛዜና ያለ አባት ፈቃድ በድፍረት መቅረብ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ሙሴም ተናዝዞ፣ በመንፈሳዊ አባቱ ትእዛዝ ነው የቀረበው። ነገር ግን ቅዱስ ቍርባን ለታመመች ነፍስ መድኃኒት ሆኖ የተሰጠ ነው። መድኃኒቱን ከዳንሁ በኋላ እወስዳለሁ የሚል በሽተኛ መቼም አይድንም።

ምሕረትን የተቀበለ ምሕረትን ሰጠ

ጸጋ በእውነት እንደ ደረሰልን የሚታወቀው የሌላውን ድካም በምናይበት ዓይን ነው። ቅዱስ ሙሴ በዚህ ረገድ ለመነኮሳቱ ሁሉ መምህር ሆነ።

በአንድ ወቅት በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለና አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴን ቢጠሩት አልመጣም። ጉባኤው እንደሚጠብቀው ካህኑ ዳግመኛ ሲልክበት የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ፤ በሌላው ትውፊት ደግሞ አሸዋ የተሞላ ቀዳዳ ከረጢት ነው። ሊቀበሉት የወጡት አባቶች ምን እንደሆነ ሲጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው በደል ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ተናገረ። አባቶችም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

በሌላ ጊዜ 4 ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ በበዓቱ ገቡበት። ሙሴ አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። ሰውን መጉዳት ለእርሱ ስላልተፈቀደ ምን ያድርጋቸው ዘንድ እንደሚገባ ወንድሞችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹ የያዛቸው ያ ስመ ጥሩ ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ዓለምንም ንቀው መነኰሱ።

እንዲሁም በገዳሙ የአንድ ሳምንት ጾም ታውጆ ሳለ ከሩቅ አገር የመጡ ወንድሞች ወደ እርሱ ደረሱ። ሙሴም ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ትእዛዝ አፈረሰ ብለው ከሰሱት። አባቶች ግን አኗኗሩን ያውቁ ነበርና፣ የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ስለ ጠበቀ በሕዝቡ ሁሉ ፊት አመሰገኑት። ይህ ጾምን ለማቃለል የተጻፈ አይደለም፤ ሙሴ በጾም ማን እንደ ነበረ ከላይ አይተናል። የጾም ፍሬ ፍቅር መሆኑን ግን ያሳያል።

አንድ እንግዳ ወደ አስቄጥስ መጥቶ ታላቁን አባ አርሳንዮስን ቢጎበኝ በዝምታ ተቀበለው፤ ወደ አባ ሙሴ ቢሄድ ግን በደስታና በመስተንግዶ ተቀበለው። ይህን የሰማ አንድ አባት አንዱ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ከሰው ሲሸሽ፣ ሌላው ስለዚያው ስም ሰውን ሁሉ እንዴት እጁን ዘርግቶ እንደሚቀበል እንዲገለጥለት ጸለየ። በራእይም በወንዝ ላይ ሁለት ታንኳዎች አየ። በአንዱ ውስጥ አባ አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በጸጥታ ይሄድ ነበር፤ በሌላው አባ ሙሴ ከመላእክት ጋር የማር እንጎቻ እየበላ ይሄድ ነበር። መንገዳቸው ቢለያይም ወንዙ አንድ ነው።

ነጭ ልብስና ጥቁር ስም

ሙሴ ለክህነት በተመረጠ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ነጭ ልብሰ ተክህኖ አልብሶ አሁን ፈጽሞ እንደ ነጣ ነገረው። ሙሴ ግን ውጪው መንጣቱን ተቀብሎ ስለ ውስጡ በትሕትና ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሱም ትዕግሥቱን ሊያይ ፈልጎ ወደ መቅደስ ሲገባ በቆዳው እየነቀፉ እንዲያስወጡት ካህናቱን በስውር አዘዛቸው። ካህናቱ እንደ ታዘዙት አደረጉ፤ አንዱም ከኋላው ተከትሎ ምን እንደሚል አደመጠ። ሙሴ ሳይቆጣ፣ ሳይከራከር፣ ይህ እንደሚገባው ለራሱ እየነገረ ወጣ።

የተሰነዘረበት ነቀፋ ራሱ ነውር ነበረ፤ የሰው ቆዳ በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት አይደለምና። ሙሴን ግን ከክብሩ ዝቅ ሊያደርገው አልቻለም። ያለፈውን ኃጢአቱን አምኖ ይቅርታ የተቀበለ ሰው የሰው ስድብ የሚያናጋው የሐሰት ክብር አይቀረውም።

የተጠበቀ ፍጻሜ

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርበሮች አስቄጥስን ሊወሩ መጡ። አባ ሙሴ ወሬውን ለወንድሞች ነግሮ መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ፈቀደ። እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ይፈጸምበት ዘንድ ያችን ቀን ለዓመታት ሲጠብቃት እንደ ኖረ ገልጦ በስፍራው ቀረ። ከእርሱ ጋር የነበሩትም ወንድሞች ብቻውን ሊተዉት አልወደዱም። በርበሮቹ ገብተው ገደሏቸው። ከወንድሞች አንዱ በፍርሃት በገመዶች ክምር ኋላ ተሸሽጎ ነበር። 7 አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ ባየ ጊዜ ግን ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ሰማዕትነትን ተቀበለ። በዚያች ሰዓት እንኳ ጸጋ የሚደነግጠውን አልተወውም፤ ፈርቶ ለተሸሸገው ሰው አክሊሉ ተጠብቆለት ነበር።

አባ ሙሴ ሲያርፍ ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ። ቅዱስ ዐፅሙ ዛሬም በግብፅ በዋዲ ናጥሩን በሚገኘው የባራሞስ ገዳም ከመንፈሳዊ አባቱ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር ይከበራል። በፈተናው ሰዓት ያልተለየው አባት በዕረፍቱም አልተለየውም።

ከዚህ አባት ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ ድካማችንን ለመንፈሳዊ አባት መግለጥን እንማራለን። ሙሴ የዳነው ብርቱ ስለ ነበር አይደለም፤ ደጋግሞ ወደ አባ ኤስድሮስ ደጅ ስለ ሄደ ነው። የተደበቀ ቍስል ያመረቅዛል፤ የተገለጠ ቍስል ሐኪም ያገኛል። ያንኑ ኃጢአት ለአሥረኛ ጊዜ መናዘዝ ቢያሳፍረንም፣ ከዘጠነኛው በኋላ ዝም ማለት ይገድለናል።

ሁለተኛ፣ መዘግየት መጣል እንዳልሆነ እንማራለን። እግዚአብሔር ፈተናውን ወዲያው ሳያርቅልን ሲቀር ከትዕቢት እየጠበቀን፣ ለሌላው የምንራራበትን ልብ እየሠራልን ሊሆን ይችላል። ሙሴ በአንድ ሌሊት ተፈውሶ ቢሆን ኖሮ የሚያፈስሰውን እንስራ ለመሸከም የሚበቃ ርኅራኄ ከየት ባገኘ ነበር?

ሦስተኛ፣ የወደቀውን ወንድማችንን በሰሌዳው ጥቁር ጽሕፈት ብቻ አንለካው። የቀድሞ ሕይወቱን እያነሣን በማኅበርና በሰንበቴ የምናሳፍረው ሰው ነገ ስለ እኛ የሚማልድ ሊሆን ይችላልና። ፈያታዊ ዘየማንን በመጨረሻ ሰዓቱ የተቀበለ ጌታ በሩን አልዘጋም።

ዛሬ ወድቀን ከሆነ እንነሣ፤ ተነሥተን እንደ ገና ወድቀን ከሆነም እንደ ገና እንነሣ። በሙሴ ሕይወት እንዳየነው እርሻውን ማረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ዝናቡ ከእግዚአብሔር ነው። በጕድጓዱ አፍ ላይ የወደቀውን አንሥቶ ለመቅደሱ አገልግሎት ያበቃ አምላክ እኛንም ያነሣናል።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎቱ፣ ረድኤቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።